የሳቁ ባለቤት ማን ነበር?
«ጉድ ታይምስ» በጉልምስና ዓይን ሲታይ

ከተውኔት ዘርፎች ሁሉ በልጅ አእምሮ ውስጥ ፈጥኖ ሥር የሚሰድ ኮሜዲ ነው። ልጅ የሳቀበትን ነገር አይረሳም፤ ለምን እንደ ሳቀ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በልጅነቱ ሆዱን ይዞ የሳቀበትን የቴሌቪዥን ተውኔት ከጎለመሰ በኋላ እንደገና ሲመለከት፣ የሚመረምረው ተውኔቱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ሳቁንም ጭምር ነው። ይህ ጸሐፊ የልጅነቱን ከፊል ዘመን ባሳለፈባት በዋሺንግተን ከተማ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በድጋሚ ሲተላለፍ ይከታተለው የነበረውን «ጉድ ታይምስ» የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ በቅርቡ 133ቱንም ክፍል በተራ ተመልክቷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ «ደጉ ዘመን» እንደ ማለት ነው፤ ሆኖም በአማርኛ ጆሮ «ጉድ» ብሎ መጀመሩ ከእንግሊዝኛው ፍቺ ይልቅ ለታሪኩ ሳይቀርብ አይቀርም።

ተውኔቱ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ከ1974 እስከ 1979 የታየ ሲሆን፣ የበላይ አዘጋጁ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት ኖርማን ሊር ናቸው። የፈጠራው ባለቤቶች ግን ኤሪክ ሞንቴና ማይክ ኢቫንስ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሞንቴ ያደጉት በሺካጎ ከተማ ካብሪኒ ግሪን በሚባለው የድሆች መኖሪያ፣ በመንግሥት ኪራይ ቤቶች ውስጥ ነው፤ በተውኔቱ መግቢያ ላይ የሚታዩትም እነዚያው ፎቆች ናቸው። እናቲቱ ፍሎሪዳ ኢቫንስ ቀደም ሲል «ሞድ» በተሰኘ ሌላ ኮሜዲ ውስጥ የነጮች ቤት ሠራተኛ ሆና የታየች ገጸ ባሕርይ ናት። የእርስዋን ቤተሰብ የሚመለከት አዲስ ተውኔት ሲታሰብ፣ ፍሎሪዳን ሆነው የሚጫወቱት አስቴር ሮል በቤቱ ውስጥ አባት መኖር አለበት ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ጄምስ ኢቫንስ የተባለው አባወራ ወደ መድረኩ የመጣው በዚህ ክርክር ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በልጅነት ዓይን የተውኔቱ ንጉሥ የበኩር ልጁ ጄ.ጄ. ነበር። እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ቁመናው፣ ኮፍያው፣ ዓይኑን አፍጥጦና ጥርሱን ገልጦ «ዳይኖማይት!» ሲል የሚያሰማው ጩኸት በየትምህርት ቤቱ ግቢ ይደገም ነበር። ሌላው ሁሉ፣ አባትም እናትም፣ ያ ቃል እስኪመጣ ድረስ ጊዜ የሚያስረዝሙ ሰዎች ይመስሉን ነበር።

በጉልምስና የሚታየው ሌላ ተውኔት ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ጄምስ ደህና ደመወዝ ለሚያስገኝ ሥራ ሊፈተን ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ደስታውን ለማክበር ይሰናዳል። ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ሥልጠናው የሚሰጠው ለወጣቶች ነውና ዕድሜህ አልፏል ተብሎ ይመለሳል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ፣ ወዙን አፍስሶ ለማደር ዝግጁ የሆነ፣ ሆኖም ወዙን የሚገዛው ያጣ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ልጅ አያነብበውም። ጆን ኤሞስ በዚህ ሚና ያሳዩት የአጨዋወት ብቃት እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም ባይ ነን። ቁጣውን በጉሮሮው ይዞ፣ ልጆቹ እንዳያዩበት በቀልድ የሚያልፍ አባት ናቸው። በሌላ ክፍል የቤት ኪራይ ቀኑ አልፎ ቤተሰቡ ከነዕቃው ሊወጣ ሲቃረብ፣ ሚስቱ የማትወድደውን ነገር ያደርጋል፤ የፑል እንጨቱን ይዞ ለቁማር ይወጣል። በእነዚህ ክፍሎች ሳቁ የሚፈልቀው ከኪራዩ፣ ከሥራ ማጣቱ፣ ከጎደለው ማዕድ ነው። ከችግሩ ጋር በአንድ እምብርት የተያያዘ ሳቅ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ ስለ አእምሮ ፈተና የተጻፈውን የ1974 ክፍል እናንሣ። ትንሹ ልጅ ማይክል የክፍሉ ብልህ ተማሪ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት የተሰጠውን የአእምሮ መለኪያ ፈተና ጥሎ ይወጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ አንድ ጥያቄ ይጠቅሳል። ሲኒ ከምን ጋር ይሄዳል? ከግድግዳ፣ ከማስቀመጫ ሳሕን፣ ከጠረጴዛ፣ ወይስ ከመስኮት? ጓደኛው «ከጠረጴዛ» ብሎ መልሷል፤ በቤታቸው ከሲኒ ሥር የሚቀመጥ ሳሕን ኖሮ አያውቅምና። የስቱዲዮው ተመልካች ይስቃል፤ በልጅነታችን እኛም ስቀናል። ነገር ግን በዚህች አንዲት ሲኒ ውስጥ ያለው ቁም ነገር በብዙ ገጽ ጥናት ከሚተነተነው አያንስም። ፈተናው የለካው የልጁን አእምሮ ሳይሆን የእናቱን ጓዳ መሆኑን፣ ድሃው ልጅ በእውነት የመለሰው መልስ ስሕተት ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ ተውኔቱ ያለ ስብከት በአንድ ቀልድ ተናገረ። መምህራን ይህን ክፍል ፈልገው ቢመለከቱት አይቆጩም።

እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል የነበረው ሥራ ምን አገኘው? የጄ.ጄ. ጩኸት ገበያ አገኘ። ተዋናዩ ጂሚ ዎከር በኋላ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ቃሉ በየክፍሉ እንዲደገም ግፊት ያደረጉት ዳይሬክተሩ ጆን ሪች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ደራስያኑ ታሪክ ጽፈው ቀልድ መፈለጋቸውን ትተው፣ ቀልዱን አስቀድመው ታሪክ ይፈልጉለት ጀመር። ትላንት ያስጨበጨበለትን አንድ ሐረግ በየምሽቱ እያስረዘመ የሚደጋግም ተዋናይ ያየ ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል። አስቴር ሮል በ1975 «ኤቦኒ» በተባለው መጽሔት ላይ ቅሬታቸውን በግልጽ ተናገሩ፤ 18 ዓመት የሆነው፣ ሥራ የሌለውና የማያስብ ቀልደኛ ለጥቁር ልጆች አርአያ ሆኖ መቅረቡ አስከፍቷቸው ነበር። ጆን ኤሞስም ከደራስያኑ ጋር ተጋጩ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ኤሞስ ተሰናበቱ። ጄምስ ኢቫንስም በሚሲሲፒ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ሊወስድ ሲል በመኪና አደጋ ሞተ ተብሎ በ1976 መባቻ ክፍል ላይ በቴሌግራም ተነገረ። ለሥራ ያልሆነለት ዕድሜው ለሞት ሆነለት!

የሐዘኑ ክፍል ግን እስከ ዛሬ ያንቀጠቅጣል። ፍሎሪዳ ከቀብር መልስ አታለቅስም። እንግዶቿን ታስተናግዳለች፣ ትስቃለች፣ ልጆቿ እስኪታዘቧት ድረስ ምንም እንዳልሆነ ትሆናለች። ብቻዋን ስትቀር የመጠጡን ትልቅ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳሕን አንሥታ ከወለሉ ጋር ታላትመውና አንዱን የእርግማን ቃል ሦስት ጊዜ ትጮኻለች። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ የሳሕኑን መሰበር ብቻ ነበር ያስታወሰው። ዛሬ ሲመለከተው ጩኸቱ የባሏ ሐዘን ብቻ አልመስል አለው፤ አባት እንዲኖር ተከራክረው ያስገቡት ተዋናይ፣ ያንኑ አባት በገዛ እጃቸው እንዲቀብሩ መደረጋቸው አብሮ ይሰማል። ሮል በ1977 ተውኔቱን ለቀው ወጡ፤ በ1978 ለመጨረሻው ምዕራፍ የተመለሱት የጄ.ጄ. ባሕርይ እንዲታረም ጠይቀው ነው።

ከ1976 በኋላ ያለው ሁሉ ውድቀት ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1977 ገና በልጅነቷ የታየችው ጃኔት ጃክሰን፣ እናቷ የምታሠቃያት ፔኒ የምትባል ሕፃን ሆና የተጫወተችበት ታሪክ በዘመኑ ኮሜዲ ያልተደፈረ ጉዳይ ነበር። ዎከርንም መውቀስ አይገባም። የተሰጣቸውን ሚና ከማንም አስበልጠው ተጫውተዋል። ጥፋቱ በጄ.ጄ. ውስጥ የነበረውን ሌላ ሰው ደራስያኑ ችላ ማለታቸው ነው። ጄ.ጄ. ሠዓሊ ነውና! በመጀመሪያው ምዕራፍ የሠፈሩን ሰካራም ኔድን አርአያ አድርጎ ጥቁር ኢየሱስን ይሥላል፤ ሥዕሉም ከግድግዳ ላይ ይውጣ አይውጣ በሚል ሃይማኖተኛዋ እናትና ቤተሰቡ ይከራከራሉ። የዓለምን አዳኝ በመንደሩ እጅግ በተናቀው ሰው መልክ ለማየት የደፈረ ወጣት እንደምን «አያስብም» ይባላል? የጄ.ጄ. እየተባሉ ከሚታዩት ሥዕሎች አብዛኞቹ የእውነተኛው ሠዓሊ የኧርኒ ባርንስ እጅ ሥራ ናቸው። በኋለኞቹ ምዕራፎች የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ የሚታየው «ሹገር ሻክ» የተባለው የጭፈራ ቤት ሥዕልም የእርሳቸው ነው፤ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ በ2022 በጨረታ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በቤቱ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ልጅ፣ በጎረቤቱም እስከ ዛሬ ያልተሣለ ሕዝብ ነበረ። ደራስያኑ ከዚህ ሁሉ አንድ ጩኸት መረጡ።

በ1979 በታየው የመጨረሻ ክፍል መላው ቤተሰብ በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከድህነት ይወጣል። የሴት ልጅየዋ የቴልማ ባል በኳስ ተጫዋችነት ዳጎስ ያለ ውል ያገኛል፣ ጎረቤቲቱ ዊሎናም እድገት አግኝታ እነርሱ ወደሚገቡበት ሕንፃ ትዛወራለች። ጄ.ጄ. ደግሞ በሥዕል የሚነገር የአንዲት ጀግና ሴት ተረት ለአሳታሚ ይሸጣል፤ የጀግናዪቱም ስም ከዚያው ከጩኸቱ የተቀዳ ነው።