ቃልና ምሥጢር በቅኔ ቤቶች ክርክር

የግዕዝ ቅኔ ትምህርት ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ በሚባሉ ቤቶች ስም ይታወቃል። ዋድላ በወሎ፥ ሁለቱ በጎጃም ናቸው። ከመርሐ ቤቴ፥ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ቅኔ የሚሻ ተማሪ ጎጃምን ቢያስብ ዓባይን ይሻገራል፤ ዋድላን ቢያስብ የወሎን ደጋ ያቋርጣል። ሲደርስም ክርክር ይቆየዋል። አንዱ ወገን የቅኔ ክብር በምሥጢሩ ጥልቀት ነው ሲል፥ ሌላው በቃሉ ምርጫ፥ በአገባቡና በዜማው ልክ ነው ይላልና።

ይህን የመሰለ ክርክር በሌላም አገር ተነሥቷል። በቻይና በ1673 በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ሼን ደቺየን፥ የቀደሙትን፥ ይልቁንም የታንግ ዘመን ባለቅኔዎችን ሥርዓትና የድምፅ ልክ መከተል ይገባል ብሎ አስተማረ። በ1716 የተወለደው ዩዋን መይ ግን ግጥም ከገጣሚው ከራሱ ልብ መፍለቅ አለበት ብሎ ተከራከረው።

በቅኔ ቤት የዚህ ክርክር እኩሌታ አስቀድሞ ተፈርዷል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፥ መወድስ በስምንት ቤት ይቆማል፤ ይህ ልክ አይነካም። ቃሉ ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚቀኝ ያፍራል። ስለዚህ ከመምህር የሚወረሰው መንገዱ እንጂ ቃሉ አይደለም።

የቀረው እኩሌታ በምሳሌ ይታይ። ባለቅኔ «ዓለም» የሚለውን ቃል ይዞ፥ ሰሙን ዓለም ከተማ፥ ወርቁን ይህን ኃላፊ ዓለም ቢያደርግ ኅብር ሆነለት። ነገሩ በስም መግጠም ብቻ ከቀረ ግን የቃል ጨዋታ ነው። ወደ ገበያዋ የወጣው ሰው ያመጣውን ሸጦ፥ ሳይመሽበት ትቷት እንደሚወርድ ቢያስገባበት፥ ሰሙ ራሱ ለወርቁ ምስክር ይሆናል። ያን ጊዜ በዓለም ከተማ ፈንታ የሌላ ከተማ ስም ቢተካ ቅኔው ይፈርሳል፤ ቃልና ምሥጢር አንድ ሆነዋልና።

እንግዲህ ቅኔ ሰምቶ «የማን ቤት ነው?» ብሎ ብቻ የሚመዝን ሰው ከደጃፍ ይመለሳል። ቃሉ ያልተዋበ ምሥጢር ከስብከት አይለይም፤ ምሥጢር የሌለው የተዋበ ቃልም ባዶ ጌጥ ነው። የሚሻለው ፍርድ «ሰሙ ቢነሣ ወርቁ ብቻውን ይቆማልን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከቆመ ሰሙ ትርፍ ነበረ። ትርፍ የሌለበትን ቅኔ ግን የዋድላም፥ የጎንጅም፥ የዋሸራም መምህር ሲሰማው «ይበል!» ይላል።