የነዳጅ ጌጅ የሚያክም እጅ

ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የነደፋት አርቪ-6 ባለቤቷ ራሱ ጋራዡ ውስጥ ይገጣጥማት የነበረች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ናት። ነዳጇን የምትይዘው በሁለቱ ክንፎቿ ነው፤ በያንዳንዱ 19 ጋሎን። የነዳጁን መጠን ለአብራሪው የሚነግረው ዕቃ ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ የተያያዘበት የታጠፈ የሽቦ ክንድ። ነዳጁ ሲጎድል ተንሳፋፊው አብሮ ይወርዳል፤ ክንዱም በመሠረቱ በኩል ያለውን የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ይለውጣል። በብዛት በሚገጠመው ዓይነት ታንኩ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም፣ ባዶ ሲሆን 240 ኦም ገደማ ነው።

የጌጁ ቀስት መዋሸት ሲጀምር ችኩል ሰው ታንኩን ለመፍታት ይነሣል። ሥራውን የሚያውቅ ግን በቅድሚያ የነዳጅ ትነት በአካባቢው አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ወደ ታንኩ የሚገባውን አንዱን ሽቦ ብቻ ይነቅላል። ቀስቱ ወደ ባዶ መውረድ አለበት። የሽቦውን ጫፍ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ሲያገናኘው ደግሞ ወደ ሙሉ መውጣት አለበት። ሁለቱም ከሆኑ ጌጁና መስመሩ ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ታንኩ ጋ ነው። አንድም ብሎን ሳይፈታ የፍለጋው ግማሽ አለቀ! ከዚህ የጠራ ምርመራ አላውቅም።

የውሸቱ አቅጣጫም ራሱ ይናገራል። ቀዳዳ አበጅቶ ነዳጅ የጠጣ ተንሳፋፊ ይሰጥምና ጌጁ ባዶ ይላል። ግራውንዱ፣ ማለትም ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት፣ የላላ እንደሆነ ሬዚስታንሱ ይጨምርና ካለው ያነሰ ያሳያል። እነዚህ አብራሪውን ያስጨንቁታል እንጂ አያታልሉትም። የሚያስፈራው ተልጦ አካሉን የነካ ሽቦ ነው፤ ታንኩ እየደረቀም ጌጁ ሙሉ ይላል።

በብዛት የሚያጋጥመው ጥፋት የግራውንድ ነው፤ መነሻውም ራሱ ጥንቃቄው ነው። ነዳጅ እንዳያፈስ የተደረገው ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያውና ቀለሙ ሁሉ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ጥሩ ሠራተኛ ከአንዱ ብሎን ሥር ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቅና አሉሚኒየሙን ያወጣዋል፤ በሮንዴላ ስፋት ብቻ፣ ከዚያ አያልፍም። ከብሎኑ ወደ አካሉ የራሱን ግራውንድ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሲንቀጠቀጥ እንዳይወጠር ትንሽ ያላላዋል፣ ቀዳዳ በሚያልፍበት ጠርዙ እንዳይበላው ጎማ ያለብሰዋል። የክንፉ መጋጠሚያ መሸፈኛ ሲመለስ ይህ ሁሉ ይደበቃል፤ እሱ ግን የሚታይ ይመስል አሳምሮ ይሠራዋል።

የማይነካውንም ያውቃል። ክንፎቹ ወደ ጫፋቸው ቀና ያሉ ስለሆኑ፣ ተንሳፋፊው ደግሞ ከውስጠኛው ጫፍ ስላለ፣ ሙሉ ታንክ ውስጥ ነዳጁ ከተንሳፋፊው በላይ ይቀራል። ስለዚህ የተወሰነ ጋሎን እስኪቃጠል ቀስቱ ከሙሉ አይነቃነቅም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አርመዋለሁ ያለ ሰው ያበላሸዋል።

በመጨረሻ ጭራዋን በድጋፍ ከፍ አድርጎ አውሮፕላኗን በበረራ አቋሟ ያቆማታል። ታንኩን ያራቁታል፣ ከዚያ በልክ እየቀዳ ይሞላል፤ በየመጠኑም ቀስቱ የት እንደቆመ ይጽፋል። ወደ ላይኛው ክፍል ሲደርስ በሁለት በሁለት ጋሎን ይራመዳል። ከታች ግን ግማሽ ግማሽ ጋሎን እየጨመረ፣ ተንሳፋፊው እስኪረጋ እየጠበቀ ይመዘግባል፤ ዜሮው ካልገጠመም ዕቃውን አውጥቶ ክንዱን በፒንሳ በጥቂቱ ያጥፍና እንደገና ከባዶ ይጀምራል።