ስለ ዲስክ አከፋፈልና ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዳግመኛ አጫጫን፤ አጭር ሂስ

በአገራችን ከተሞች፣ በቡታጅራም ጭምር፣ ኮምፒዩተር በታወከ ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ይኸው ሥራ እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው። ስለሆነም ልማዱን መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የልማዱ መሠረት ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ሲስተሙን በ«ሲ»፣ ሰነዱን በ«ዲ» ማኖር ነው። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ «ሲ» ብቻ ተጠርጎ ሲጫን «ዲ» ሳይነካ ይቀራልና። የምንነቅፈው ከዚህ ተነሥቶ «በዲ ያለ ፋይል አይጠፋም» የሚለውን ድምዳሜ ነው። ሁለቱም ክፍሎች የሚገኙት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። አንድ የቆጮ ጉድጓድ መሐሉ ላይ በኮባ ቅጠል ቢከፈል፣ ውኃ የገባበት ቀን ሁለቱም ወገን ይበላሻል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን አሠራሩን ይመለከታል። ዊንዶውስ ሲጫን የሚቀርበው ሠንጠረዥ ክፍሎቹን በተራ ቁጥርና በመጠን ያሳያል እንጂ በ«ሲ» እና በ«ዲ» ፊደል አይጠራቸውም። የክፍሎቹን መጠን አስቀድሞ ያልመዘገበ ሰው በግምት ይመርጣል። «ዲሊት» ወሰኑን ያፈርሳል፤ «ፎርማት» ግን ወሰኑን ትቶ የፋይሎቹን ማውጫ ባዶ ያደርጋል። በሃርድ ዲስክ ላይ ይዘቱ ወዲያው ስለማይደመሰስ፣ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት መልሶ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በኤስኤስዲ ግን ይህ ተስፋ የመነመነ ነው።

እነዚህ ትእዛዞች በባዕድ ቋንቋ መቅረባቸው ችግሩን ያባብሰዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ምክንያት አይሆንም። የደቢያን መጫኛ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛም ቀርቧል። ቃሉ ቢተረጎምም ጽንሰ አሳቡ ካልተብራራ አደጋው እንዳለ ይቀራል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ቡታጅራ ራሷ ትመሰክራለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. በዚያ የጀመረው የጤና ጥናት፣ በ10 ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለብዙ ዓመታት መዝግቧል። የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ በተከታታይነቱ ነው፤ የጎደለውን ዓመት እንደገና መኖር አይቻልም። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ በመጠን ቢያንስም፣ ዕጣው ያው ነው።

ስለዚህ ሙያው በሚሰጥበት ሥፍራ ሁሉ ትምህርቱ ከመጫን ሳይሆን ከመጠበቅ እንዲጀምር እናሳስባለን። መጀመሪያ ፋይሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቅጂው ተከፍቶ ይታይ፤ የክፍሎቹ ስምና መጠን በወረቀት ይጻፍ፤ ቅጂው ያለበትም ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ይነቀል። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ፎርማት ጥገና ነው፤ ከዚህ በፊት የሚደረገው ግን በሰው ንብረት ዕጣ መጣል ነው።