ቅንድብና አፍንጫ የሚገናኙበት

የሰው መልክ መሳል የጀመሩ ወጣቶች የት እንለማመድ ሲሉኝ ወደ ስድስት ኪሎ እልካቸዋለሁ፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ሥዕላተ አድኅኖው ፊት። እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት ይበቃል። ሕያው ሰው ፊታችን ሲቀመጥ የሚታየው ነገር ይበዛብናል፤ ሽበቱም፣ የግንባሩ መስመርም፣ የነጠላው እጥፋትም እኩል ይጣሩናል። ገበታው ላይ የቀረው ግን ሠዓሊው አስቦ የመረጠው ነው። እኔ ምርጫን የተማርኩት ከእነዚህ ሥዕሎች ነው።

አንዲት የማርያም ሥዕል ፊት ቁሙና ቅንድቧን ተከተሉ። ቀጭን ሆኖ ይነሳል፣ መሀል ሲደርስ ሳይቋረጥ ይታጠፍና የአፍንጫዋ መስመር ሆኖ ይወርዳል። ጀማሪ እዚያ መታጠፊያው ላይ እርሳሱን ያነሳል፤ ፊቱም ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔው ክንድን ከትከሻ አንቀሳቅሶ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ማውረድ ነው። የላይኛው የዓይን ቆብ መስመር ከታችኛው መወፈሩንም ልብ በሉ፤ አስተያየቷን የሚያከብደው እሱ ነው። በስልክ አንስቶ ቤት ለሚሄድ ይህ የውፍረት ልዩነት ይጠፋበታል።

እጅ ከፊት ይከብዳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ጣቶችን አስረዝሞና አቅጥኖ ይሥላል። ከሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ ከገባ ወዲህ ደግሞ የማርያም እጆች ተደራርበው፣ የቀኟ ሁለት ጣቶች ተዘርግተው ይታያሉ። ይህን ስትሥሉ ከሥር ያለውን እጅ በስሱ ሙሉውን ሥሉት፣ ከዚያ የላዩን ደርቡበት፣ የተሸፈነውን በላጲስ አጥፉ። እንዲህ ካልተደረገ የታችኛው አንጓ ከክንዱ ጋር አይገጥምም።

የጎን ገጽታ መልመድ የሚፈልግ ክፉዎቹን ይሣል፤ በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት።

የጥላ ነገር ይቆይ። ተማሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበሰለውን ሁለተኛውን የጎንደር አሣሣል አይተው፣ ጉንጩ በጥላ ድቡልቡል ማለቱ ማርኳቸው፣ እሱን ሊጀምሩ ይጣደፋሉ። እኔ ግን መጀመሪያ በደማቅ ቀለምና በጥርት ያለ መስመር የሚሠራውን የቀደመውን የጎንደር አሣሣል እንዲጠግቡት እፈልጋለሁ። መስመሩ ቦታውን ያልያዘን ጉንጭ ጥላ አያቀናውም፤ እንዲያውም ስህተቱን ያጎላዋል።