ገጭቶ ለተሰወረው ማን ይከፍላል? የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሲመዘን

በአርባ ምንጭ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና ሙዝ የጫነ አይሱዙ እየተጋፉ ያልፋሉ። ከእነዚህ አንዱ እግረኛ ገጭቶ ቢሰወር፣ ወይም ተይዞ ኢንሹራንስ የሌለው ሆኖ ቢገኝ፣ የተጎጂውን ሕክምና ማን ይሸፍናል? ለቤተሰቡስ ማን ይደርስለታል? የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ዋጋው የሚለካው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

አዋጁ የ2000ውን አዋጅ ቁጥር 559 ተክቶ የወጣ ሲሆን፣ ማንም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይገባ ተሽከርካሪ እንዳያንቀሳቅስ ይከለክላል። ትልቁ ቁም ነገሩ ግን የመድን ፈንዱ ነው። ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለሞተ ወይም አካሉ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፈለው ከዚህ ፈንድ ነው። በአሜሪካ ይህን መሰሉን ዋስትና ባለመኪናው በራሱ ውል ላይ ጨምሮ ይገዛዋል። እኛ ጋ ግን መኪና ኖሮት የማያውቅ፣ ከጨንቻ በእግሩ ገበያ የሚወርድ ገበሬም ባለመብት ነው። በዚያ ላይ አዋጁ ለማንኛውም ተጎጂ ነፃ የአስቸኳይ ሕክምና ደንግጓል፤ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር። ሕግ አውጪው ምስኪኑን መንገደኛ አስቦበታል፤ ሊመሰገን ይገባል።

ድክመቱ ከገንዘቡ ይጀምራል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የቆረጠው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 100,000 ብር። ልጆቿን ሙዝ ሸጣ የምታሳድግ እናት ሕይወት ከተጨራመተ መኪና ባነሰ መተመኑ ሕሊናን ይቆረቁራል። ዛሬ የሚሠራበትን መጠን እያንዳንዱ ባለጉዳይ ጠይቆ ቢረዳ ይበጀዋል።

ሁለተኛው ክፍተት ንብረት ነው። ፈንዱ የሚክሰው ሞትንና የአካል ጉዳትን እንጂ የተሰበረ ባጃጅን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ሆኖም ያልታወቀ ሰው አይከሰስም፤ የታወቀውም እጁ ባዶ ከሆነ የፍርድ ወረቀት ጎማ አይገዛም።

ሦስተኛው ክፍተት ከአፈጻጸም የሚመጣ ነው። ካሳ ለመጠየቅ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ሸሌ አካባቢ ማታ የተገጨ ሰው ቤተሰብ ፈንድ የሚባል ነገር መኖሩን ካልሰማ፣ ማስረጃውን ማን ይሰበስብለታል? መብቱን በዚያው ቀን የሚነግሩት ሪፖርቱን የሚጽፈው ፖሊስና ቁስሉን የሚያክመው ሆስፒታል ሊሆኑ ይገባል።

ታዲያ ከግዴታው በላይ ኢንሹራንስ መግባት ያዋጣል? ተሽከርካሪው እንጀራው ለሆነ ሰው፣ በተለይም በብድር ለገዛ፣ መልሴ አዎ ነው። ኮምፕርሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን ገጪው ቢታወቅም ባይታወቅም የራስን ተሽከርካሪ ያስጠግናል። ከመፈረም በፊት ግን ከራስ ኪስ የሚወጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። ሾፌሩ ራሱ ሦስተኛ ወገን ስላልሆነ ለእሱም የግል አደጋ ሽፋን መጨመር ተገቢ ነው። ዋጋው ወርዶ ያረጀ መኪና ያለው ሰው ግን ዓመታዊ አረቦኑን ከጥገና ወጪው ጋር አስተያይቶ ይወስን።

አዋጁ ጥሩ መሠረት አለው። የካሳው ጣሪያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየጊዜው እንዲታረምና ፈንዱ በየወረዳው እንዲታወቅ ማድረግ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ እስከዚያው ንብረቱን የሚጠብቀው ባለንብረቱ ራሱ ነው።