መንገድ የሌለው ሩጫ

በተለምዶ ትሬድሚል የሚባለው የመሮጫ ማሽን በመጀመሪያው ወር የሳሎን ኩራት፣ በሦስተኛው ወር የልብስ መስቀያ ሲሆን ማየት በካምፓላም እንግዳ ነገር አይደለም። ጥፋቱን በባለቤቱ ስንፍና ማሳበብ ይቀላል። ይሁን እንጂ ዕቃው ራሱ ምን እንደሚሰጥ፣ ምንስ እንደሚነሳ መመርመር ይገባል።

የማሽኑ የዘር ሐረግ የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኪዩቢት ለእስር ቤቶች ያቀረበው መንኰራኩር እስረኞች ለሰዓታት ደረጃ እየወጡ የትም የማይደርሱበት የቅጣት መሣሪያ ነበር። ያ መንኰራኩር ለዛሬው ማሽን ስሙን አወረሰው። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ብሩስ የልብ ሕመምተኞችን ለመመርመር ሲጠቀምበት ግን ዕቃው ከቅጣት ጎራ ወደ ጤና ጎራ ተሻገረ።

በካምፓላ ማሽኑ ጠበቃ አያጣም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚወርደው ዝናብ፣ የእግረኛ መተላለፊያ የሌላቸው ጎዳናዎች፣ ከየአቅጣጫው የሚወረወሩት ቦዳ ቦዳዎች፣ ምግብ ቤቱን ዘግቶ በእኩለ ሌሊት የሚመለስ ሰው ድካም፣ በጨለማ ብቻዋን መውጣት የሚያሳስባት ሴት ሥጋት፤ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። የማሽኑን ወለል 1 በመቶ ዳገታማ ማድረግ ነፋስ የሌለበትን የቤት ሩጫ ከደጁ ልፋት ጋር እንደሚያቀራርበውም እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አመልክቷል።

ሩጫ ግን ልፋት ብቻ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ የተወነበት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» የተሰኘው ፊልም ኃይሉን የሚያገኘው ከመንገዱ ነው። የአርሲው ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተር ይዞ መሮጥ የተወበት የታጠፈ ክንድ በኋላ በዓለም መድረክ ሁሉ ታየ። ይህን ማውሳት ችግርን ማሞገስ አይደለም፤ ሕፃኑ ርቀቱን መርጦ አልሮጠም። ሆኖም መንገዱ በሯጩ አካል ላይ አሻራውን አኑሯል። ማሽን ከቁጥር በቀር እንዲህ ያለ አሻራ አይተውም።

ነገሩ በስደት አገር ይበልጥ ይከብዳል። የስደተኛ ቤት ቀድሞውኑ የተዘጋ ነው፤ ምግቡ የአገር ቤት፣ ቴሌቪዥኑ የአገር ቤት፣ ጨዋታውም የአገር ቤት ነው። ሩጫውም ወደ ውስጥ ሲገባ ከአስተናጋጁ ሕዝብ ጋር ከሚያገናኙት ጥቂት በሮች አንዱ ይዘጋል። ያውም ሕዝቡ ሩጫን የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የቀነኒሳ በቀለን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች የሰበረው ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ነበር። ሐበሻና ዩጋንዳዊ ጎረቤት ያለ አስተዋዋቂ ወግ የሚጀምሩበት ከዚህ የተሻለ ርዕስ የት ይገኛል?

የሙዬንጋን ዳገት በንጋት የሚሮጥ እንግዳ በሳምንቱ «ኦሊ ኦትያ?» የሚለው ሰው ያገኛል፤ በወሩ አጸፋውን መመለስ ይለምዳል፤ በዓመቱ የሰፈር ሰው ይሆናል። በማሽን ላይ ያለው ግን በዚያው ዓመት ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሮጥ እንኳ ከሳሎኑ አልወጣም።

ስለዚህ የሚገዛ ይግዛ፤ ማሽኑም ለዝናቡና ለጨለማው ያገልግል። ዝናቡ ባባራበት ንጋት በሩን የማያስከፍት ከሆነ ግን ዋጋው ከተከፈለበት ሽልንግ እጅግ ይበልጣል።