ሳንባን በአንድ ቁጥር መዳኘት፦ 0.70 ለአማኑኤሏ እናት ይሠራል?

እስኪ አንድ ነገር ሞክሩ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ሳንባችሁ ጢም እስኪል አየር ሳቡ፤ ከዚያ ባላችሁ ኃይል ሁሉ አስወጡት። አታቋርጡ፤ ጨርሶ እስኪያልቅ ግፉት። (ራሳችሁን ካዞራችሁ ተዉት።) ጤነኛ ወጣት ከሆናችሁ፣ ከዚያ ሁሉ አየር አራት አምስተኛ ያህሉ የወጣው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ነው። የቀረው እየተንጠባጠበ የመጣ ነው።

ይህን የሚለካው መሣሪያ ስፓይሮሜትር ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ከ2,000 በላይ ሰዎችን አስነፍቶ ውጤቱን ሲያሳትም ጥያቄው “ሳንባ ስንት ሊትር ያስወጣል?” የሚል ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1947፣ ፈረንሳዊው ሮቤር ቲፍኖ ከባልደረባው ጋር ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ “በመጀመሪያዋ ሰከንድስ ስንት ይወጣል?” ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አፉ ሰፊ የሆነ ጣሳና አንገቱ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ እኩል ውሃ ይይዙ ይሆናል፤ ስትደፏቸው ግን እኩል አይጨርሱም። የአየር ቧንቧው የጠበበ ሳንባም እንደ ጠርሙሱ ነው።

ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጎልድ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጥምረት ከ2001 ጀምሮ የሚያወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ ታማሚው ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከሳበ በኋላ ይንፋ፤ የመጀመሪያዋ ሰከንድ አየር ለጠቅላላው ትንፋሽ ይካፈል፤ መልሱ ከ0.70 ካነሰ ቧንቧው ጠቧል። ዛሬ የምተቸው ይህችን 0.70 ነው።

ከመተቸቴ በፊት ግን ላመስግናት። እኔ የምህንድስና ሰው ነኝ፤ ከሁሉ በፊት የማየው ስህተት ከየት እንደሚገባ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ከሳንባ በ37 ዲግሪ የወጣ እርጥብ አየር 20 ዲግሪ ወደሆነ ክፍል ሲገባ ደግሞ ይኮማተራል። ከፍታው ብቻውን ስሌቱን የሚያዛባው በ1 ወይም በ2 በመቶ ነው። የቅዝቃዜውና የእርጥበቱ ነገር ካልታረመ ግን ንባቡ 10 በመቶ ያህል ሊያንስ ይችላል። ታዲያ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ዓይነት መጠን ከተዛቡ፣ ስታካፍሏቸው ስህተቱ ይሰራረዛል! የሰውየው ግዝፈትም እንደዚሁ። ረጅምም አጭርም በአንድ መስመር መለካት የተቻለው ለዚህ ነው። ቆንጆ ብልሃት ነው።

ችግሩ፣ ማካፈል የሚሰርዘው ስህተትን ብቻ አይደለም። አንዳንዴ በሽታውንም ይሰርዛል።

አሁን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ አማኑኤል እንሂድ። አንዲት የ60 ዓመት እናት አስቡ። ለምሳሌ ያመጣኋቸው ናቸው፤ ኑሯቸውን ግን ታውቁታላችሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ምጣድ ሥር ኩበትና ጭራሮ ማግደዋል፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ማድቤቱም በጭስ ይሞላል። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አሁን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሳሉ አልለቅ ብሏል። ጎረቤት “ብርድ ነው” ይላቸዋል፤ ሌላው “አስም ነው”። ሆስፒታል ሄደው ነፉ እንበል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ 1.3 ሊትር ወጣ፤ በጠቅላላው 1.8 ሊትር። አካፍሉት፦ 0.72። መስመሩን አልፈዋል። “ሲኦፒዲ የለብዎትም” ተብለው ሊመለሱ ነው።

ግን ሁለቱንም ቁጥሮች ለየብቻ ተመልከቷቸው። በእድሜያቸውና በቁመታቸው ካለች ጤነኛ ሴት ከሚጠበቀው ሁለቱም ሲሶ ያህል አንሰዋል። ላይኛውም ታችኛውም አብረው ስለወረዱ ድርሻው ደህና መሰለ። ይህ በብዙ መንገድ ይመጣል። ድሮ የታመሙት የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል። ወይም አየሩ ከጠበቡት ቧንቧዎች ጀርባ ታፍኖ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ደክሟቸው ሳይጨርሱ አቁመው ይሆናል። ይህ የመጨረሻው በጣም ተንኮለኛ ነው፦ ትንፋሹ ቶሎ ሲቋረጥ ጠቅላላው ያንሳል፣ ድርሻው ይጨምራል፣ የታመመ ሳንባ ጤነኛ ይመስላል። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ትንፋሽ ይወሰድ፣ ሁለቱ ምርጦችም ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ አይራራቁ የሚለው ደንብ የወጣው በከንቱ አይደለም። እሱም ቢሆን ታማሚዋ ሁሌም ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚያቆሙ ከሆነ ላያድናቸው ይችላል፤ አጠገባቸው ቆሞ “ይግፉ፣ ይግፉ፣ ገና ነው!” የሚል የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር እድሜ ነው። ሳንባ እንደ አሮጌ ላስቲክ ነው፤ እድሜ ሲጨምር ይላላል፣ ድርሻውም በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ 0.68 የነፋ የ75 ዓመት አዛውንት ለእድሜው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን ታማሚ ይለዋል። የ35 ዓመት ሴት 0.72 ብትነፋ ደግሞ ለእድሜዋ አንሷል፤ መስመሩ ግን “ደህና ነሽ” ብሎ ይሸኛታል። ጭሱ ገና እየጎዳት ባለበት፣ መትረፍ በምትችልበት ጊዜ! ለዚህ ነው የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት እንደ እድሜው የሚንቀሳቀስ ዝቅተኛ ወሰንን የሚመርጡት።

የጎልድ ሰዎች መልስ አላቸው፦ 0.70 ቀላል ናት፤ ሠንጠረዥ አትፈልግም። በ2019 የታተመ፣ ከ24 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ያየ ጥናትም በበሽታው ሆስፒታል የሚተኙትንና የሚሞቱትን በመለየት 0.70 ከሌሎቹ መስመሮች እንደማታንስ አሳይቷል። ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ አልክድም። ግን የተጠናው አሜሪካ ነው። እኛ ዘንድ በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ናቸው፤ የማድቤት ጭስ የሚስበው ግን አብዛኛው ቤት ነው። በአጫሾች ሳንባ የተፈተነች መስመር በጭስ ሳንባ ላይ እኩል ትሠራለች ብሎ መገመት ይከብደኛል።

“እንግዲያው ሠንጠረዥ እንጠቀማ!” ትሉኝ ይሆናል። የማን ሠንጠረዥ? በ2012 የወጣው ታዋቂው ዓለም አቀፍ ቀመር ሰዎችን በዘር መድቦ ነበር፤ ለጥቁሮች ያስቀመጠው መደብ የተሠራው ከአፍሪካ አሜሪካውያን ነው። በ2022 ዘር የማይጠይቅ አንድ ቀመር ተተካ። በእኛም በኩል ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ከባልደረባቸው ጋር በ1985 የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን የሳንባ ልኬት ቶራክስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ከ40 ዓመት በፊት! ዛሬ ያንን ሥራ የሚደግም ሰው ግን አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ ሲጋራ አላጨሰም ማለት ጭስ አልሳበም ማለት አይደለም። “ጤነኛ” ብለን የምንለካቸው ሴቶች ሁሉ ማድቤት ያደጉ ከሆኑ፣ ጉዳቱን ራሱን “ልክ” ብለን እንጽፈዋለን። ያኔ ሠንጠረዡ የእኛ ይሆናል፤ በሽታውም አብሮ ይደበቃል።

ታዲያ ስፓይሮሜትሩን እንጣለው? በፍጹም። ሳይለኩ በግምት “አስም” ከማለት እጅግ ይሻላል። የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጤቱ ሲጻፍ ድርሻው ብቻውን አይጻፍ፤ ሁለቱም ሊትሮች አብረውት ይጻፉ። ሁለተኛ፣ “ያጨሳሉ?” ተብሎ እንደሚጠየቀው “ስንት ዓመት በምን አገዱ? ማድቤቱስ መስኮት አለው?” ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ለእኚህ እናት ከሁሉም የተሻለው ማነጻጸሪያ የራሳቸው የአምናው ቁጥር ነው። አምና 1.5፣ ዘንድሮ 1.3 ከሆነ፣ አነፋፉም ያው ከነበረ፣ ድርሻው 0.72 ሆነም አልሆነ አንድ ነገር እየሄደ ነው። ለዚህ ግን መሣሪያው አማኑኤልም፣ ብቸናም፣ ሞጣም መድረስ አለበት፤ በየዓመቱ ለአንድ ትንፋሽ ሩቅ ከተማ የሚሄድ የለም።

ከእናንተ መካከል መሣሪያ የሚሠራ ይወጣል ብዬ አስባለሁ። ርካሽ ስፓይሮሜትር መሥራት ዛሬ የማይደረስበት ነገር አይደለም። ስትሠሩት ግን ስክሪኑ ላይ “ጤነኛ” ወይም “ታማሚ” የሚል አንድ ቃል ብቻ እንዳታስቀምጡ። ሁለቱን ሊትሮች አሳዩ፤ የትንፋሹን ኩርባ አሳዩ፤ የአምናውን ከጎኑ አስቀምጡ። ፍርዱን ሐኪሙና እናትየዋ አብረው ይስጡት።